ማዕረግ ስትወድቅ «እኔን» ያለው ሰው

ወንዳፍራሽን ወንዳፍራሽ ያሉት የእናቱ አባት ናቸው። ልጁ ገና በአንቀልባ ሳለ ጠላትን በቁሙ የሚጥል ጀግና ታይቷቸው ነበር ይባላል። ጀግናው አድጎ ሲያትል ገባ፤ መሀል ከተማ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ከአንድ ወንበርና ከአንድ ማሞቂያ በላይ በማትይዝ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል። እስካሁን የጣለው ወንድ የለም። ጨዋ ነው፤ ከሥራ አይቀርም፤ ሰው ቢሰድበው እንኳ «መልካም ቀን» ብሎ ነው የሚሸኘው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ይቀናል።

ያውም እንደ ሌላው ሰው ጮሆ፣ ዕቃ ወርውሮ የሚወጣለት ቅናት ቢሆን ደግ ነበር። የእሱ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ሲቀና ድምፁ ይቀንሳል፣ ትሕትናው ይጨምራል፣ ለተባለው ሁሉ «እሺ» ይላል። ሚስቱ ማዕረግ «እሺ» ሲበዛባት ነገር እንዳለ ታውቃለች። ምን እንደሆነ ጠይቃ ግን መልስ አግኝታ አታውቅም። እሱም «ቀናሁ» ብሎ ከአፉ ከሚያወጣ ጠጠር ቢቆረጥም ይመርጣል።

ማዕረግን ያገኛት ካርቱም ነው። ሁለቱም በስደት ላይ ነበሩ፣ አይተዋወቁም። እሱ ከመንገዱ ማዶ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል፤ እሷ ሰው ከጫነ ፒካፕ ላይ ስትወርድ የቀሚሷ ጫፍ ያዛትና በጉልበቷ ወደቀች። «እኔን!» አለ፤ ማን እንደሆነች ሳያይ፣ ሳያስብ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ እንደሚባለው። ያ ሁሉ ዐረብኛ በሚንጫጫበት ጎዳና ያቺን አንዲት ቃል ለይታ ሰማች። እንደተንበረከከች ቀና ብላ ቃሉ ከየት እንደመጣ ፈለገች፤ አገኘችውም። «ሌላው ሰው በሽማግሌ ያገባል፣ እኔ ‹እኔን› ብዬ ነው ያገባሁት» እያለ ወንዳፍራሽ ለሰው ሲያወራ ደስ ይለው ነበር።

ሲያትል ከገቡ በኋላ ሥራው፣ ባሱ፣ ዝናቡ ሆነና ወሬው ቀነሰ። ማዕረግ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ በውጭ በኩል የእንጨት ደረጃ ባለው ቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተከራዩ። በፈረንጆቹ 1985 መጨረሻ፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ያ ደረጃ በረዶ ለበሰ። ሁለቱ ገበያ ውለው ሲገቡ ወንዳፍራሽ ቁልፉን ይዞ ከፊት፣ ማዕረግ የሸቀጡን ከረጢት አቅፋ ከኋላ ነበሩ። አዳለጣትና ወደቀች፤ ከረጢቱ ተቀደደ፤ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ ታች ድረስ ወረደ። ወንዳፍራሽ ዞር አለ።

«አታዪም እንዴ?» አላት።

ከዚያ ወርዶ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ለቀመ። ማዕረግ ጉልበቷን እያሸች ተነሥታ ገባች። ነገሩ በዚያው አለፈ፤ ወንዳፍራሽ ያለፈ መስሎታል።

በፈረንጆቹ ገና ማዕረግ የምትሠራበት ክፍል ግብዣ አድርጎ ዕጣ አወጣ። ለሌላው ቸኮሌትና ሻማ ሲደርሰው ለእሷ የስኪ ትምህርት ደረሳት፤ ያ ሁለት ረጃጅም ጣውላ እግር ላይ አስረው ከበረዶ ተራራ ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ጨዋታ። ጥርንና የካቲትን በየቅዳሜው ከኖርዝጌት ባስ ይወስዳል፤ አስተማሪውም ዕቃውም ከእነሱ ነው። ግን ለአንድ ሰው ብቻ።

«ወንዴ፣ አንተ ትሄዳለህ?» አለችው።

«እኔ? አብጃለሁ?» ብሎ ሳቀ። «አበሻንና ስኪን ምን አገናኛቸው። ለአንዷ ፈረንጅ ስጪያት።»

«እንግዲያው እኔው ትራይ ላድርገው።»

«እሺ» አለ። ይኼኛው እሺ የቅናት አልነበረም፤ ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ተሰባብራ እንደምትተወው እርግጠኛ ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በኋላ ለመቅናት ምን መብት አለው ብሎ የጠየቀው የለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እንዳሰበው እያነከሰች ገባች። ወንዳፍራሽ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎት ለብ ያለ ውሃ በጨው አቀረበላት፤ እግሯን ነከረች።

«ጫማው ራሱ እስር ቤት ነው» አለችው። «ቁርጭምጭሚትህ አይታጠፍም። ስኪውን አስረህ ቆምክ ማለት ወደቅክ ማለት ነው። ሶ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ የተማርነው መነሣት ነው። መጀመሪያ ስኪውን ለተራራው አግድም ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ጉልበትህን ትሰበስብና…»

«ማን ነው የሚያነሣሽ?»

«ራሴ ነኛ። ካልቻልን ነው ራስል ሄልፕ የሚያደርገን።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«ቲቸራችን።»

«እሺ» አለ ወንዳፍራሽ። ውሃው ገና ሳይቀዘቅዝ ሳፋውን ከእግሯ ሥር አንሥቶ ሊደፋ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራስል የሚባለው ሰው ኪራይ ሳይከፍል ቤታቸው ገባ። ሰኞ እራት ላይ «ክብደት ወደ ፊት ነው የሚጣለው ይላል ራስል» ትላለች። ሐሙስ ባስ ሲጠብቁ «እግርህን ሳይሆን የምትሄድበትን እይ ይላል ራስል» ትላለች። ወንዳፍራሽ ስሙን አንድ ቀን በአፉ አልጠራውም። የግድ ሲሆንበት «ሰውዬው» ይላል። ስሙን የጠራው ዕለት በገዛ እጁ በር ከፍቶ ያስገባው ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ማዕረግ ሳህን ታጥባለች። አቋቋሟ ግን የሳህን አጣቢ አይደለም። የእግሯን ጣቶች ፊት ለፊት አቀራርባ፣ ተረከዞቿን አራርቃ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ቆማለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፍሬን ነው» አለች ሳትዞር። «የፊቱን ጫፍ ታቀራርባለህ፣ የኋላውን ወደ ውጭ ትገፋዋለህ፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። ፕራክቲስ እያደረግኩ ነው።»

ይህን ብላ ፈገግ አለች። ፈገግታው ለእሱ አልነበረም፤ ለሳህኑ ነው፤ ወይም ከሳህኑ ወዲያ ለሚታያት ነገር። ወንዳፍራሽ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ አያት። ሚስቱ እሱ ያልረገጠው ቦታ አላት። እዚያ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትስቃለች፣ እሱ አያይም። የቀናው በሰውዬው ብቻ አልነበረም፤ በተራራው ቀና፣ በባሱ ቀና፣ በዚያ ቁርጭምጭሚት በማያሳጥፈው ጫማ ሳይቀር ቀና። ማታ እራት ላይ የቀረበለትን ሁሉ «እሺ» እያለ በላ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጓንት ይዛ መጣች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ መዳፉ ቆዳ የሆነ የወንድ ጓንት። የእሷ ውሃ እያስገባ ስላስቸገራት ራስል ትርፉን አውሷት ነው። እሷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ወንዳፍራሽ ጓንቱን ከጠረጴዛው አነሣና እጁን ከተተበት። ጣቶቹ ጫፉ ጋ አልደረሱም። እጁ ትንሽ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስቦት አያውቅም ነበር። አሁን ግን ወደደም ጠላም አወቀ፤ እዚያ ተራራ ላይ ትልቅ እጅ ያለው ሰው አለ። ወጥቶ ጓንቱን አልፎ አልፎ ብቻ በሚነዳት አሮጌ ዳትሰን መኪናው ወንበር ሥር ወተፈው።

አርብ ዕለት ማዕረግ ቤቱን ገለባበጠችው።

«ጓንቱን አይተኸዋል?»

«የለም።»

«የሰው ዕቃ ነው እኮ፣ ወንዴ።»

«እሺ፣ እፈልግልሻለሁ» አለ። ጎንበስ ብሎም ከአልጋው ሥር የሚፈልግ መሰለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ይቆም ነበር፣ ተክለ ጻድቅ ባይኖር። ተክለ ጻድቅ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ምሳውን ወንዳፍራሽ ከሚሠራበት ማቆሚያ ፓርክ አድርጎ ነው የሚበላው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ብቻ ነው የማያርፈው።

«ባለፈው ቅዳሜ ሚስትህን ኖርዝጌት አየኋት» አለው፣ ሳንድዊቹን እየገመጠ። «ባስ ሊሳፈሩ ሲሉ። አንድ ረጅም ፈረንጅ ቦርሳዋን ካሪ ሲያደርግላት ነበር። ቀይ ጺም ያለው። መልከ መልካም ሰው ነው።»

«እሺ።»

«ኧረ እኔ ለክፋት አይደለም፤ ቦርሳ ነው ያልኩህ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ቅዳሜ ወንዳፍራሽ ከሥራ ቀረ፤ አድርጎት የማያውቅ ነገር ነው። ማዕረግ ከሄደች በኋላ ዳትሰኑን አስነሥቶ፣ ሐይቁን በተንሳፋፊው ድልድይ ተሻግሮ ወደ ተራራው ወጣ። ፀሐይ ነበረ፤ መንገዱ ተጠርጓል። የለበሰው የሥራ ኮቱንና የከተማ ጫማውን ነው። ምን አያለሁ ብሎ እንደሄደ እሱም አያውቅም። የሚፈራውን አይቶ ቢገላገል ይሻለዋል፤ አለማየቱ ነው ያቃጠለው።

ዕቃ ከሚያከራዩበት ጎጆ ጀርባ ቆሞ ፈለጋት። ለጀማሪዎች የተለየው ቦታ ሰፊና ረጋ ያለ ዳገት ነው፤ በአንድ ጎኑ ማለቂያ የሌለው ገመድ ይሽከረከራል፤ ሰዉ ገመዱን ይዞ እየተጎተተ ይወጣል፣ ከላይ ይወርዳል። ማዕረግን በእጇ ለያት። እጇ ላይ ባጠለቀችው ካልሲ ላይ የሳህን ማጠቢያውን ቢጫ የላስቲክ ጓንት ደርባ አድርጋለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቢጫ እጅ ያላት እሷ ብቻ ናት። ወንዳፍራሽ አፈረ። ማፈሩ ግን ቅናቱን አላበረደለትም፤ ጨመረበት እንጂ።

ሰውዬው ከታች ቆሟል፤ ቀይ ጃኬት፣ ቀይ ጺም፣ ቁመቱ ተክለ ጻድቅ ካለውም ይበልጣል። ተማሪዎቹ ከአጠገቡ ተደርድረዋል፤ አሮጊት አለች፣ ወፍራም ሰውዬ አለ፣ ሁለት የኮሌጅ ልጃገረዶች አሉ። የማዕረግ ተራ ደረሰና ከላይ ተነሣች። ጣቶቿን አቀራርባ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ እንደዚያ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ። ቀስ ብላ፣ ግን ሳትፈራ። ወንዳፍራሽ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትሄድ አይቷት አያውቅም። እኮራ እንደሆን ብሎ ነበር፤ ቢፈልገው ኩራት አልመጣለትም። ያስተማራት ሌላ ሰው ነው።

መሀል ላይ አንዱ ስኪ ሌላውን ረገጠውና ወደቀች። ያን ጊዜ ከታች አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔን!»

ወንዳፍራሽ ጆሮውን ተጠራጠረ። ዙሪያውን አየ፤ ሌላ አበሻ የለም። ማዕረግ እንደተቀመጠች ቀና ብላ ድምፁ ወደመጣበት አየች፣ ሳቀች፣ እጇን አነሣች። ልክ እንደ ካርቱም። ካርቱም ላይ ያንን ቃል ያለው ግን እሱ ነበር። ቃሉ የእሱ ነው፤ ቤቱን የሠራበት ነው። አሁን ቀይ ጺም ያለው ሰው በዚያ ጠማማ አፉ ለእሱ ሚስት ይለዋል። ሚስት ለባዕድ ወንድ ከዚህ ሌላ ምን ትሰጣለች? እንዲህ ነው ያሰበው። በዕድሜው እንደዚያ ቀንቶ አያውቅም።

ቀጥ ብሎ ወደ ጎጆው ገባና ስኪ ተከራየ። ተምረህ ታውቃለህ ወይ ብለው ሲጠይቁት አዎ አለ። ጣቶቹ ደንዝዘው ነበርና ወደ ዳትሰኑ ተመልሶ ያን ጓንት ከወንበሩ ሥር አውጥቶ አጠለቀው፤ የማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። ገመዱን ሲይዘው ክንዱን ከትከሻው ሊነቅለው ምንም አልቀረው። እየተንገዳገደ፣ የቀደመውን ሰው ኮት ሊይዝ እየቃጣው፣ ላይ ደረሰ። ሐሳቡ ወርዶ ሰውዬው ፊት ቆሞ «ይህን ቃል ከየት አመጣኸው?» ማለት ነው። መቆሙን ያውቅበታል፤ የፊቱን ጫፍ ማቀራረብ፣ የኋላውን መግፋት ነው። ትምህርቱ ማዕረግ ሳህን ስታጥብ ያየው ነበር።

ወረደ። የፊቱን ጫፍ አቀራረበ፤ አልቀራረብ አለው። የኋላውን ገፋ፤ ወደ ራሱ መጣ። ኮቱ ከኋላው ተነሣ፣ ንፋሱ ዓይኑን አስለቀሰው፣ ቀይ ጃኬቱ እየተለቀ፣ እየተለቀ መጣ። ሰውዬው እጁን እያወዛወዘ፣ እንዲቆም፣ በእንግሊዝኛ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ይለዋል። ወንዳፍራሽ ደግሞ ለዚህ ሰው ከሚታዘዝ ገደል ይግባ። ሄዶ ደረቱ ላይ ወደቀበትና ሁለቱም ተያይዘው በረዶው ላይ ተዘረሩ። አያቱ ያኔ ታይቷቸው የነበረው ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ ተጮኸ።

«እኔን! እኔን!»

አሮጊቷ አለች፣ ወፍራሙ ሰውዬ አለ፣ ልጃገረዶቹ አሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው ጠማማ አነጋገር፣ ግን ሁሉም ከልባቸው። ከሥሩ ደግሞ፣ ጺሙ ላይ በረዶ የሞላው ሰውዬ ትንፋሹን እየሰበሰበ «እኔን» አለው። ለእሱ፣ ለወንዳፍራሽ።

ወንዳፍራሽ በጀርባው ተገልብጦ ሰማዩን እያየ አንዲት ድምፅ ጠበቀ። እሷ ብቻ አላለችም። ማዕረግ ስኪዋን አግድም እየረገጠች መጥታ ከራስጌው ቆመች። ፊቱን አየች፣ የሥራ ኮቱን አየች፣ ከዚያ እጁን አየች። ቢጫው ጓንቷና ጥቁሩ ጓንት ፊት ለፊት ሆኑ። የሚደበቅበት ቀዳዳ ቢያገኝ በገባ ነበር።

«አታይም እንዴ?» አለችው።

በቁጣ አይደለም። እንዲያው አለችው፤ እሱ ያኔ እንዳላት።

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ የኮቱን በረዶ አራገፈችለት። የማዕረግ ባል መሆኑን ስትሰማ ደስ አላት። «ቃሉን ማሪ ናት ያስተማረችን» አለችው በእንግሊዝኛ፤ ማዕረግን ማለቷ ነው። «በመጀመሪያው ቀን ራስል ራሱ ሲወድቅ እሷ ብቻ ጮኸች። ምንድነው ስንላት፣ በእኛ አገር ሰው ወድቆ ዝም ማለት ነውር ነው፣ ‹የወደቅኩት እኔ ልሁን› ይባላል አለችን። አሁን ልማድ ሆኖብን በየሥራ ቦታችን ሁሉ እንላለን።»

ወንዳፍራሽ ጓንቱን አውልቆ ለሰውዬው ሰጠው። ሰውዬው ሳቀና መልሶ ለማዕረግ ዘረጋላት። እሷም ቢጫውን አውልቃ አጠለቀችውና ወደ ገመዱ ሄደች፤ ትምህርቱ አላለቀም ነበር። ባሏ በረዶ በገባበት ጫማ እስከ መጨረሻው ቆሞ ጠበቃት። ወደቀች፣ ሁሉም ጮኹላት፤ እሱ አፉን ከፈተና ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ ኋላ ሆኖ ማለት አሳፍሮት መልሶ ገጠመው።

ሲመለሱ ከእሱ ጋር በዳትሰኑ ሄደች። ድልድዩ ጋ ደረሱ።

«ቀናሁ» አለ በመጨረሻ። ቃሉ ሲወጣ ጠጠር አልነበረም፤ ከዚያም ይቀል ነበር።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

ማዕረግ ወደ ሐይቁ ዞረች። «ደረጃው ላይ የወደቅኩ ዕለት ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አስታወሰ። ቁልፉ በእጁ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሽንኩርቱን አነሣሁልሽ እኮ» አለ።

«አዎ» አለች። «ሽንኩርቱን አነሣህ።»

 ሌክ ሲቲ እስኪደርሱ ቅናቱን ሆዱ ውስጥ ፈለገው፤ አለ፤ ግን አሁን በሰውዬው ብቻ አልነበረም። ካርቱም መንገድ ማዶ ሻይ ይዞ በቆመው፣ ሳያስብ ያቺን ቃል ባወጣት በዚያ ወጣት ቀና።

ቤት ሲደርሱ መሸት ብሏል። ማዕረግ ቦርሳዋን አንግታ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ደረጃውን ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ከባድ ጫማ የዋለ እግሯ ደክሞ ኖሮ ላይኛው እርከን ላይ ሸርተት አለባት፤ አልወደቀችም፣ መደገፊያውን ያዘች።

«እኔን!» አለ ወንዳፍራሽ፤ ሳያስብ፣ እጁን ዘርግቶ።

ማዕረግ ቆመች። መደገፊያውን አልለቀቀችም።

«ማን አስተማረህ?» አለችው።

ወንዳፍራሽ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መዳፉ ውስጥ አገላበጠው። እውነቱን ለመናገር ቃሉን ከማንም በፊት ያለው እሱ ነበር፤ ይህን ሊላት ዳድቶት ነበር። ተወው።

«ራስል» አለ።